«ወላጅ አምጣ» ሳልል ወላጅ የጠራሁባቸው መስከረሞች

አንደኛ ክፍል ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት አዲስ ወላጆችን እንዴት እንደተቀበልኩ ሳስታውስ ፊቴን መሸፈን ያምረኛል። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ሲደረግ ያየሁትን ነው ያደረግኩት። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የተመደባችሁ መምህራን ካላችሁ፣ እኔ በስንት ዓመት የተማርኩትን እናንተ በጳጉሜን ቀናት ብትጨርሱት ብዬ ነው የምጽፈው። ልጅ የምታስገቡ ወላጆችም አንብቡት፤ ስለ እናንተ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። እኛ አገር ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነው። «ነገ ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ!» ሲባል ያልሰማ ተማሪ አለ? እኔ ተማሪ ሳለሁ እኛ ክፍል አንድ ልጅ የሰፈሩን ሊስትሮ «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞት መጥቶ ነበር። ሊስትሮው ልጁን ከዩኒት ሊደሩ በላይ ተቆጣውና ሁለቱም ተመስግነው ወጡ። (ስንት እንደከፈለው እስካሁን አልነገረንም።) ዛሬ ልጅ ይዘው የሚመጡት ያኔ ወላጅ አምጡ ሲባሉ የኖሩት ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁትን ደግሞ ግቢው ራሱ ያስፈራቸዋል። ስለዚህ መስከረም ላይ በሩን የሚያልፈው ሰው እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። አንድ አባት ልጁን ሊያስመዘግብ መጥቶ፣ ገና ስሙን ጽፌ ሳልጨርስ «ካጠፋ ግረፊው፣ ብቻ አይኑን አደራ» አለኝ። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ይሰማል። ሰባት ዓመቱ ነው። እኔን ካየኝ ገና አምስት ደቂቃው።

እኔ ልጅ እንደማልመታ ነገርኩት። አላመነኝም። ልጁ ግን ቀና ብሎ አየኝ።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ሐሳብ አንድ ነው። ወላጅ ያለ ጥፋት የሚጠራበት ቀን መኖር አለበት። ያ ቀን ደግሞ የመጀመሪያው ቀን መሆን አለበት፤ ኋላ ከመጣ ማንም አያምንህም።

የመጀመሪያ ዓመቴ የወላጅ ስብሰባ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ተብሎ ተጠራ። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። አዳራሹ ሞልቶ ከኋላ ያሉት ቆመዋል። ያለፈው ዓመት ዕቅድ አፈጻጸም በፐርሰንት ተነበበ። የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ኮሚቴ ተመረጠ። ከዚያ ደንቡ መጣ። ያረፈደ አይገባም። ፀጉሩን ያላስተካከለ አይገባም። ዩኒፎርም ያልለበሰ አይገባም። እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት የጠራናቸውን ሰዎች ስንት ጊዜ «አይገባም» እንዳልናቸው እንጃ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ከኋላ ከቆሙት አንዷ እጇን አወጣች። «ትምህርት መቼ ነው የሚጀመረው?» አለች። ያን ሁሉ ሰዓት አቁመናት እሱን አልነገርናትም። ኋላ እንደሰማሁት ደግሞ የቀን ሥራ ነው የምትሠራው፤ የዚያን ቀን ገንዘቧን ለኛ ፐርሰንት ሰውታ ነው የመጣችው።

ከአዳራሹ በኋላ ወላጆች ወደየክፍሉ ገቡ። እኔ አንድ ገጽ ፎርም አዘጋጅቼ ነበርና ኮራ ብዬ አደልኩ። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ሥራ፣ የልጁ ጠባይ። እስክሪብቶም ጨምሬ። ሁሉም አቀርቅሮ ሲጽፍ ሦስተኛው ዴስክ ላይ የተቀመጠች እናት ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። መልሳ ገለበጠችው። እስክሪብቶውን ከፈተች፣ ዘጋች። አጠገቧ ያለውን ሰው ወረቀት በጎን አየት አደረገች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ መነጽሬን ቤት ረሳሁት፤ ነገ ሞልቼ አመጣዋለሁ» አለችኝ። «ምንም አይደል» አልኳት። ነገም ከነገ ወዲያም አልመጣችም። ልጇን እስከ መንገዱ ማዶ ታደርሰውና ከሩቅ ትመለሳለች። እኔም «ግድ የለሽ እናት» ብዬ በልቤ መዝግቤያት ነበር፤ ይሄንን መደበቅ አልፈልግም። ጥር ላይ ነው የገባኝ። መነጽር የሚባል ነገር የላትም። ማንበብ አትችልም። በሰው ፊት ያሳፈርኳት እኔ ነኝ።

አሁን ፎርም አላድልም። ፎርሙ አለ፣ ግን እኔ እጅ ነው የሚቆየው። ወላጁን አጠገቤ አስቀምጬ እያወራን እሞላዋለሁ። ለአንድ ሰው ሰባት ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። 52 ልጅ ሲሆን ብዙ ነው፣ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ነሐሴ ላይ ከምዝገባው ጋር የምጀምረውና የተረፈውን ወደ ጳጉሜን የማሻግረው። ጳጉሜን ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ወር ናት። ግቢው ፀጥ ያለ ነው፣ ዝናቡም ለቀቅ አድርጎታል፣ ወላጁም ለበዓል ሲሯሯጥ በዚያው ብቅ ይላል።

ምን እጠይቃለሁ? መጀመሪያ «ቤት ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?» እላለሁ። አትሳቁ። አንድ ዓመት አንዲትን ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ቀሪ አድርጌ መዝግቤያታለሁ፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ። ስሟን ስጠራ ዝም። በአራተኛው ቀን እናቷ በመስኮት ብቅ ብላ «ሚሚዬ፣ ኮዳሽን ረስተሽ!» ስትል ልጅቷ ዘላ ተነሳች። የልደት ሰርተፍኬቷ ላይ ያለው ስም የሷ መሆኑን የነገራት የለም። ቤት ሚሚ፣ ሰፈር ሚሚ፣ ሱቅ ስትላክ ሚሚ። አሁን አቴንዳንሱ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን በእርሳስ የቤት ስም አለኝ። ማሙሽ፣ ባቢ፣ ኪያ፣ አቡሽ (አምና አራት አቡሽ ነበረኝ)። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለቱንም እያጣመርኩ እጠራለሁ። ወላጆች፣ እናንተም ከክረምቱ ጀምሮ ልጁን አልፎ አልፎ በሙሉ ስሙ ጥሩት። የአባቱንም ስም ይወቅ። «አባትህ ማን ይባላል?» ሲባል «አባዬ» የሚለኝ ልጅ ስንት እንደሆነ ብትሰሙ ይገርማችኋል።

ሁለተኛው መጸዳጃ ቤት ነው። ብቻውን ይሄዳል? ቀበቶውን መፍታት ይችላል? ይሄን የሚጠይቅ መምህር እምብዛም የለም፣ ልጁም አፍሮ አይናገርም። አዲሱ ሱሪ ወገቡ ላይ ስለሚሰፋው እናቱ ቀበቶውን ጥርቅም አድርጋ ታስራለች፣ ትንሹ ጣት ደግሞ እሱን አይፈታም፤ ከዚያ የሚሆነውን አንደኛ ክፍል ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላስቲክ የገባበት ሱሪ አልብሱ። አንድ ቅያሪ በፌስታል ቦርሳው ውስጥ ይኑር። እኔም ቁም ሳጥኔ ውስጥ ሁለት ሱሪ አላጣም።

ሦስተኛው የቤት ቋንቋ ነው። ቤት ውስጥ ስልጥኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ወላይትኛ የሚነገርበት ልጅ መጀመሪያ ሰሞን ፀጥ ይላል። እኛ ደግሞ «ዝምተኛ ነው፣ ጨዋ ነው» ብለን እናልፈዋለን። አንዱን ጨዋ ልጅ ዕረፍት ሰዓት ከታላቅ እህቱ ጋር በወላይትኛ ሲያወራ ሰምቼው፣ አፉ አይዘጋም። አሁን የሰላምታውን ያህል እንኳን ከወላጁ እጠይቅና አቴንዳንሱ ጥግ ላይ እጽፋለሁ። አነጋገሬ ያስቃቸዋል። ይሳቁ።

አራተኛው ላይ ቆም ልበል። «እናቱ ማን ትባላለች፣ አባቱ ምን ይሠራል» ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። «ማን ነው የሚያሳድገው?» ነው የምለው። ይሄንንም ተሳስቼ ነው የተማርኩት። አንድ መስከረም ለክፍሉ «ነገ ሁላችሁም ከእናታችሁ ጋር ኑ» አልኩ። በነጋታው አንድ ልጅ ቀረ። ከነጋታውም ቀረ። በሦስተኛው ቀን አያቱ እጁን ይዘው መጡ። «የኔ ልጅ፣ እናቱ ቤይሩት ናት፤ ከሄደች ሦስት ዓመቷ። እናት ከሌለኝ አያስገቡኝም ብሎ አልቅሶ አስቸገረኝ» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ከማለት ውጪ አፍ አልነበረኝም። እሳቸው እንኳን አልተቀየሙኝም። ከመቀነታቸው ስልክ አወጡና «እስቲ ለእሷ አሳዪልኝ፣ ከገባ» አሉ። ኢሞ አላቸው፤ ስትደውል ማንሳት ነው የሚያውቁት። ልጁን ዴስኩ ላይ አስቀምጬ፣ አዲሱን ደብተር ፊቱ ዘርግቼ፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። በማግስቱ አያትየው የድምፅ መልእክቷን አሰሙኝ። ከኋላዋ ሳህን ሲጋጭ ይሰማል። መጀመሪያ ያለችው «ፀጉሩን ማን ነው እንዲህ የቆረጠው?» ነው። ከዚያ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

በየዓመቱ ክፍሌ ውስጥ እናቱ ጅዳ ወይም ዱባይ ወይም ኩዌት ያለች ልጅ አላጣም። ለእነሱ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ፎቶ ይላካል፤ አሳዳጊው ፈቅዶ፣ በአሳዳጊው ስልክ፣ በግሩፕ ሳይሆን። አንድ ደቂቃ ነው። ለክፍሉ ስናገር ደግሞ «ከቤት አንድ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ኑ» እላለሁ። ትልቅ ሰው የሌለው ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ጎረቤትም ይሆናል።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። እኛ መምህራን ወላጅ የምንቀበለው እኛ ይመስለናል። የሚቀበለው ጥበቃው ነው። ወላጅ ከዚያ ግቢ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ የኔ አይደለም፣ «ወዴት ነው? መታወቂያ! ወደኋላ በሉ!» የሚለው ነው። ስንት ዓመት በልቤ ስወቅሳቸው ቆየሁ። አንድ ቀን ጳጉሜን 3 ላይ ሁለት ስኒ ቡና አስቀድቼ ጋሼ ጋ ሄድኩ። እንዲህ ነው ያሉኝ፦ «ልጅ ቢጠፋ የምታሰር እኔ ነኝ። ማን ይግባ፣ ማን አይግባ፣ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ስለዚህ ሁሉንም እከለክላለሁ።» ልክ ናቸው። እዚያው ተስማማን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የአንደኛ ክፍል ወላጅ እስከ ክፍሉ በር ይገባል፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ እስከ ባንዲራው፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ አጥሩ በር። ከርዕሰ መምህሩም ጋር ተነጋግሬ አጸደቅነው። ጋሼ ከኔ በላይ አሰቡበት። ግቢው ከክረምቱ ገና ጭቃ ስለነበር በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ጠዋት ስደርስ ከበሩ እስከ ክፍሌ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድረው አገኘኋቸው። «ሴቶቹ ለልጃቸው ቀን ብለው ነጭ ጫማ ነው የሚያደርጉት» አሉኝ። ይሄ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ዝር ብሎ አያውቅም ነበር። የትኛውን ልጅ ማን እንደሚወስደውም በሁለተኛው ሳምንት ከኔ አብልጠው ያውቃሉ። ስለዚህ በስብሰባው ቀን ጋሼን አስነስቼ አስተዋውቃቸዋለሁ። አዲስ መምህር ከሆናችሁ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ቡና አትርሱ።

ስብሰባውን አሁን እሁድ 9 ሰዓት ላይ ነው የማደርገው፤ የክፍሌን ብቻ፣ ክፍሌ ውስጥ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ተመልሷል፣ ሥራ የሚውለውም አርፏል። የሰፈሩ እድር የሚሰበሰብበት እሁድ እንዳይሆን አስቀድማችሁ አጣሩ። እኔ አንዴ ሳላጣራ ጠርቼ ዘጠኝ ሰው መጣልኝ፣ ሌላው እድር ላይ ነው፤ ከእድር የሚቀር ደግሞ ቅጣት አለበት፣ ከኔ የሚቀር ግን የለበትም።

40 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ወላጆቹን በልጆቻቸው ዴስክ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ጉልበታቸው ከዴስኩ ጋር እየተጋጨ ይሳሳቃሉ፣ ያ መሳሳቅ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራልኛል። የማሳያቸው አንድ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ያስተማርኩት የአንድ ልጅ ደብተር፣ ስሙ በወረቀት ተሸፍኖ። የመጀመሪያውን ገጽ እከፍታለሁ፦ «ሀ» መሆን የነበረባቸው፣ ከመስመር የወጡ፣ ዶሮ የጫረችው የሚመስሉ ጭረቶች። ከዚያ የሰኔውን ገጽ፦ ሦስት መስመር ዓረፍተ ነገር። ደብተሩን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብሉታል። ማንበብ የማይችለውም ልዩነቱን ያየዋል። «እቤት ማስጠናት አልችልም» ብሎ ለሚሰጋ ወላጅ የምነግረው እዚህ ላይ ነው። ማንበብ አይጠበቅብህም። ማታ ደብተሩን ክፈት፣ ዛሬ አዲስ ገጽ ተጽፏል ወይ? ቀይ እስክሪብቶ አለበት ወይ? ከዚያ ልጁን «ይሄ ምንድን ነው፣ አንብብልኝ» በለው። ልጁ አስተማሪ ሲሆን ደስታውን አይችለውም። የመነጽሯ እናት በሁለተኛ ልጇ ጊዜ እንዲህ ነው ያደረገችው። ፎርሙንም እያወራን ሞላነው፤ ስለ መነጽር አላነሳንም።

የተረፈው ደቂቃ ለሚያስጨንቃቸው ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ ግቢ ውስጥ ይበላል፣ ደብተርና ዩኒፎርምም በነፃ ይሰጣል። ወላጅ ይሄንን በወሬ ሰምቶታል፤ በዓይኑ እስኪያይ ግን አያምንም። ስለዚህ ከስብሰባው በኋላ ማብሰያውንና መመገቢያውን ዞር ብለው እንዲያዩ አደርጋለሁ፣ ከመጋቢ እናቶቹም አንዷን ለምኜ እሁድ አስመጣለሁ። «ልጄ እንጀራ ራሱ አይቆርስም» የምትለዋን እናት እሷ ናት የምታሳምንልኝ። ልጁን ረቡዕና አርብ የምታስጾም ካለችም እዚያው ይነጋገራሉ። ስለ ዩኒፎርም ደግሞ ግልጽ አድርጌ እናገራለሁ። በመጀመሪያው ቀን ካልደረሰ በቤት ልብሱ ይምጣ፣ ከበር አይመለስም፤ ተበድራችሁ አትግዙ። ይሄንን ባልነገርኩበት ዓመት አንዲት እናት አራጣ ተበድራ አሰፍታ፣ በሁለተኛው ሳምንት በነፃ ሲታደል ቆማ ታየው ነበር።

በነገራችን ላይ ለማስዋብ ብላችሁ ፊኛ አትስቀሉ። አንድ ዓመት እኔና ጓደኛዬ ከኪሳችን አዋጥተን ክፍሉን በፊኛ ሞላነው። አንዱ ፈነዳ። አንዱ ልጅ ጮኸ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ክፍሉ ለቅሶ ቤት ሆነ። አደይ አበባ በውሃ ጠርሙስ ይበቃል፤ አይፈነዳም፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ለቅሶ ካነሳን አይቀር፣ የመጀመሪያው ቀን። ልጅ ማልቀሱ አያስደነግጥም። የሚያስቸግረው ወላጅ የሚዋሸው ነው። «ማስቲካ ገዝቼልህ አሁን መጣሁ» ብላ እናት ትጠፋለች። ልጁ በሩን እያየ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል። ማስቲካው አልመጣም። በማግስቱ የእናቱን ቀሚስ በሁለት እጁ ጨብጦ ነው የሚገባው፣ ማን ያላቀው? እውነቱን ንገሩት። «እኔ ሥራ እሄዳለሁ። አንተ ቁርስ ትበላለህ፣ ትማራለህ፣ ትጫወታለህ፣ ምሳ ትበላለህ፣ ከዚያ ደወል ሲደወል እዚህች ዛፍ ሥር ታገኘኛለህ።» ሰዓት አይገባውም፣ ምሳ ግን ይገባዋል። ከዚያ ሳሙትና ሂዱ። በመስኮት ተመልሳችሁ አትዩት፤ ዝም ያለው ልጅ እናንተን ሲያይ እንደገና ይጀምራል፣ ከሱ ጋር ሌላ አሥር። ዛፏ ሥር ደግሞ ደወሉ ሳይደወል ቀድማችሁ ተገኙ። የመጀመሪያው ቀን ላይ አሥር ደቂቃ የዘገየ ወላጅ ወሩን ሙሉ ይከፍለዋል። «ካስቸገርክ ለቲቸር እነግርልሃለሁ» የሚለውንም ተዉልኝ በእናታችሁ። እኔን ማስፈራሪያ አድርጋችሁ ልካችሁት እንዴት እጄን ይያዝ?

አዲስ መምህራን የማታውቁት ሌላ ነገር አለ። መስከረም ሁለት ጊዜ ነው የሚጀመረው። እኛ ሰፈር ብዙ የጉራጌ ቤተሰብ አለ፤ ለመስቀል አገር ቤት ይገባሉ። ልጆቹ ገና ሳምንት ሳይማሩ ተነስተው ይሄዳሉ፣ አንዳንዶቹም ሳይጀምሩ። ወሩ ሲያልቅ ሲመለሱ ክፍሉ ወንበሩን ተከፋፍሏል፣ ጓደኛ ይዟል፣ መዝሙሩን ለምዷል። እኔ ድሮ «የት ከርመህ ነው?» ብዬ ነበር የምቀበለው። መልሱን እያወቅኩ! አሁን ከበዓሉ በፊት የሚሄዱትን ጠይቄ አውቃቸዋለሁ። ወንበራቸው ባዶውን ይጠብቃቸዋል፣ ከጎኑ የሚቀመጥ ልጅም አስቀድሜ እመድባለሁ። ሲመለሱ ስለ ክትፎው ለክፍሉ ያወራሉ። (ለእኔም አንዳንዴ ቆጮ ይመጣል፤ ይሄ ጉቦ አይባልም።) ሰፈር ቀይረው መሸኛ ይዘው ጥቅምት ላይ ለሚመጡትም እንደዚሁ ነው። ያቺ የመጀመሪያ ቀን ለእነሱ ጥቅምት ላይ ናትና ወላጁን አስቀምጡት፣ የቤት ስሙን ጠይቁት፣ ጋሼ ጋ ወስዳችሁ አስተዋውቁት።

የመጨረሻው ስልክ ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ ነበር። በሳምንቱ «እንደምን አደራችሁ» የሚል የአበባ ሥዕል፣ ጥቅስ፣ የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም፤ «ነገ ትምህርት የለም» ያልኩት ከ200 መልእክት ሥር ተቀብሮ 14 ልጅ በዝናብ መጣ። አሁን እኔ ብቻ የምጽፍበት ቻናል ነው ያለኝ። ስማርት ስልክ ለሌለው ቁራጭ ወረቀት በደብተሩ ይላካል፣ ሰዓቱም በተሳለ ሰዓት ነው የሚነገረው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን መደወሉ ነው። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ለሦስት ወላጅ እደውላለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። ጥቅምት ከመጋመሱ በፊት 52ቱን እጨርሳለሁ። የምናገረው ጥሩ ነገር ብቻ ነው፣ ያውም ትንሽ፣ ግን ያየሁት። «ዛሬ እርሳስ ለሌለው ጓደኛው እርሳሱን ሰብሮ አካፈለው» ዓይነት። በመጀመሪያ ሰሞን ስደውል «ከትምህርት ቤት ነው» ብዬ ጀመርኩና አንዷን እናት ልገድላት ነበር፤ «ምን ሆነብኝ!» ብላ ስትጮህ ከኋላዋ ሰው ተሰብስቦ ይሰማኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ሰላም ነው፣ ልጁ ደህና ነው፣ ምንም አላጠፋም» ይሁን። ከዚያ ስማችሁን ተናገሩ።

ያ «አይኑን አደራ» ያለኝ አባት ቤትም ደውዬ ነበር፤ እናትየው አነሳች። ልጁ ቁጥር እስከ ሃያ ሳይሳሳት እንደቆጠረና ክፍሉ እንዳጨበጨበለት ነገርኳት።

«እሺ» አለች። ትጠብቃለች፣ ቀጥሎ የሚመጣውን።

«በቃ፣ ይሄው ነው።»

«ለዚህ ብቻ ነው የደወልሽው?»

«ለዚህ ብቻ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ «አንተ፣ ና እስቲ» ስትል ሰማኋት። «ቲቸር፣ ለአባቱም እንደገና ንገሪልኝ» አለችና አቀበለችው።